በበር ያልገባ ቁም ሣጥን

ሰው ዕቃ ከሚያከማች ይልቅ ወጣ ወጣ ቢል፣ ቢያይ፣ ቢጫወት ለአእምሮው ይበጀዋል የሚሉ ሰዎችን ከጥንት ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የማያቸው። ምክሩን የሚሰጡት ሁልጊዜ ጥሩ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው። ድሃን «ዕቃ አታብዛ» ብሎ መምከር ደግሞ ራሰ በራን «ጸጉርህን አታስረዝም» እንደማለት ነው። ስለዚህ እዚህ የማወራው ምክር አይደለም። የማወራው ነገሌ ቦረና ስለተሠራ አንድ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን፣ ስለ ባለቤቴ ሳቅ፣ እንዲሁም አንዱ ሌላውን ፍለጋ ስለሄደበት መንገድ ነው።

በዕቃ ማመኔ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር የቀረ ወታደር ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሰፈሩ ሲበተን እኔ ጢም ሊያበቅል ነው አላበቀለም በሚባልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ያኔ አልጋ በሰው ጭንቅላት ላይ ሆኖ ሲራመድ አየሁ። ወንበሩ፣ ራዲዮው፣ የልብስ ስፌት መኪናው ወደ ገበያ ሲነጉድ ከተማዋ ራሷ ቤት የምትለቅ ትመስል ነበር። እናቴ ግን ቡፌዬን አልሸጥም አለች። ውስጡ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች ነበሩ። አባቴ ጠፍቶ ከርሞ፣ ከስቶ፣ የሰው ጫማ ተጫምቶ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቡፌውን ከፍቶ ብርጭቆዎቹን ማየት ነበር። ሁሉም አሉ። ቁጭ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ማለት ያልተሸጠ ብርጭቆ ነው ብዬ አመንኩ። ይህን እምነት ሊያስጥሉኝ የሞከሩ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ያነበብኳቸውን የማስቀምጠው ግን ጥሩ መደርደሪያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቴ ሳቅ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በእሱ ላይ ስለሆነ። ሳቋ ሲጀምር ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። መጨረሻ ላይ እግሯ አይችላትም፤ ደረጃ ይሁን መንገድ፣ ያለችበት ቦታ ላይ ዘጭ ትላለች። አንድ ጊዜ ገበያ መሀል የሽንኩርት ክምር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቱን ገዝተን ለመውጣት ተገድደናል። እኔ በአገሩ ሁሉ ላይ ስሳለቅ የኖርኩት ያንን ሳቅ ለማስነሳት ነው ብል ውሸት አይሆንም። ጽሑፎቼን የሚያነብ ሁሉ መራራ ሰው ይለኛል፤ እሷ ግን ከሽንኩርቱ ላይ ሆና ነው የምትሰማኝ።

የመጨረሻዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሳቁ ቆመ። ሐዘን ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ሐዘን እንኳ ሥራ አለው፣ ያለቅሳል። ይሄ ሥራ የለውም። ማስተማሯን ተወች፣ ጎረቤት መሄድ ተወች፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፤ መንገዱ ላይ ምን እንዳለፈ ብትጠየቅ ግን አታውቅም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የአእምሮ ጤና ነርሱ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። መድኃኒት አዘዘላት፤ ምን እንደሚያስደስታትም ጠየቃት። እኔ ስመልስለት «ጋሼ፣ ጥያቄው ለእርሳቸው ነው» አለኝ። እሷ የክፍሉን መስኮት አየች። ስንወጣ ለብቻዬ ጠራኝና ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ወጣ አድርጋት፣ አዲስ ነገር ትይ፣ ከሰው ጋር ትዋል አለኝ። እኔም ቆሜ ተከራከርኩት። የእናቴን ቡፌ ታሪክ ሳይቀር ነገርኩት። በሩ ላይ ወረፋ የያዙ ሰዎች በደንብ አዳመጡኝ።

ስለዚህ ገዛሁ። ትልቅ ቴሌቪዥን ገባ። መጋረጃ ተለወጠ። ክንዱ ላይ የሻይ ትሪ የሚያስቀምጥ ሶፋ መጣ፤ ሲቀመጡበት ሰው ይውጣል፤ ለመነሳት የሁለተኛ ወገን ርዳታ ያስፈልጋል። እሷ እያንዳንዱን አይታ «ጥሩ ነው» ትላለች። መድኃኒቱንም ውጣ «ጥሩ ነው» ነበር የምትለው። በመጨረሻ የከተማውን ስመ ጥር አናጢ ጠርቼ ቁም ሣጥን አዘዝኩ። ባለ ሦስት በር፣ መሀለኛው በር ከላይ እስከ ታች መስታወት። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በጥንቃቄ ለካሁ። በሩን አልለካሁም።

ቁም ሣጥኑ በጋሪ መጣ፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሊያስገባው ተሰበሰበ። አንዱ በአማርኛ ወደ ግራ ይላል፣ ሌላው በኦሮምኛ ወደ ቀኝ ይላል፣ ሦስተኛው በሁለቱም ቋንቋ ቀድሞ ነግሬያችሁ ነበር ይላል። አዘነበሉት፣ አጋደሙት፣ አዞሩት፤ አልገባም። አናጢው ላቡን ጠርጎ ቁም ሣጥኑ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ቤቱ ነው አለ። ግድግዳውን ማፍረስ እንደሚቻል በእርጋታ አስረዳኝ። አስቤበታለሁ፤ አልዋሽም።

እናም በረንዳ ላይ ቀረ። የጎረቤት ዶሮ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመረች። አላፊ አግዳሚው መስታወቱ ፊት ቆሞ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ባጃጅ ነጂዎች ቤታችን ጋ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሰው ራሳቸውን ያያሉ። በረንዳዬ የከተማው መዋቢያ ሆነ። እሷ ከመስኮቷ ታያለች። «ጥሩ ነው» ማለት ግን ትታለች።

በዚህ መሀል ነው ወተት አምጪያችን የመጣችው። ለብዙ ዓመት ጠዋት ጠዋት ወተት ያመጣችልን ቦረና ሴት ናት፤ ልጆቻችን ያደጉት በእሷ ወተት ነው። ባሏ ሲሞትባት ዱብሉቅ አካባቢ ወዳሉት ወገኖቿ ተመልሳ ነበር። አሁን ልጇን ልትድር እኛን ልትጠራ መምጣቷ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ሰላምታዋን ጀመረች፤ የእሷ ሰላምታ ደግሞ ችኩል ሰው የሚችለው አይደለም። አካም? ናጋ? ቤቱ ሰላም ነው? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ዝናቡስ? ጎረቤትስ? ሁሉንም አዳርሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይሄስ ሰላም ነው፣ እትዬ?» አለቻት ባለቤቴን። «ውጭ የሚያድረው ተጣልታችሁ ነው?»

የባለቤቴ ከንፈር አንድ ጠርዙ ላይ ሲነቃነቅ አየሁ። ሳቅ አልነበረም፤ የሳቅ ዘመድ ግን ነበር። ሴትዮዋ ሸኝተናት ስትሄድ ባለቤቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሐሳብ ተናገረች፤ ቁም ሣጥኑን ለሠርጉ እንውሰድላቸው አለች።

እኔ በደስታ ተስማማሁ። በእኛ በከተሜዎቹ ዘንድ የሠርግ ስጦታ ጥሩነቱ የሚለካው መኪና ላይ ተጭኖ ከሩቅ በመታየቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ከሩቅ የሚታይ የለም። እድሜያችንን ሙሉ ከእነዚህ ሰዎች መሀል ኖረን፣ ወተታቸውን ጠጥተን፣ በቋንቋቸው ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ቤታቸው ምን ዓይነት በር እንዳለው አልጠየቅንም። ከሰፊ በር የተመለሰ ዕቃ ወደ ጠባብ በር ለመላክ ቆርጠን ተነሳን።

የሚወስደን ጎረቤታችን ነጋዴው ነው። ጉራጌ አገር ተወልዶ ነገሌ ሱቅ የከፈተ፣ አይሱዙውን ራሱ የሚነዳ፣ የወሬ ጎተራ። ዕቃ ሊያመጣ ወደ ሞያሌ ስለሚወርድ መንገዱ ነው። ቁም ሣጥኑን ከጋቢናው ጀርባ አቁሞ፣ መስታወቱን ወደ ኋላ አዙሮ በገመድ አሰረው። ባለቤቴ ጋቢና እንድትገባ በሩን ሲከፍትላት እኔ ከላይ ነኝ አለችው። ፀሐዩን ነገርናት፣ አቧራውን ነገርናት፣ ዕድሜዋን በዘዴ ልንነግራት ሞከርን። እሷ ጎማውን ረግጣ ወጥታ ነበር። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ እንደ እሷ አልወጣሁም፣ ሁለት ሰው ገፍቶኝ ነው የወጣሁት።

ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከመስታወቱ ጋር ተፋጠጥን። ወደ ፊት እየሄድን የምናየው ከኋላችን የሚሸሸውን መንገድ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው የሚረዝም ኩይሳ፣ አንገቱን አስግጎ የሚያየን ግመል፤ ሁሉም እያነሰ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ሁለታችን አለን፤ አቧራውን እየጠጣን ቀስ በቀስ እየቀላን። የዳዋን ወንዝ ስንሻገር የእኔ ቅንድብና ጢም አይለይም ነበር።

«አንተ፣ ጡብ መስለሃል» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ሸክላ ነኝ። ቢያንስ ወጥ ይሠራብኛል።»

ይህን ያህል ካወራችኝ ወራት አልፈው ስለነበር መልስ መስጠት ፈራሁ፤ እንዳይደነግጥ እንደሚፈሩለት ወፍ አየኋት። እሷ ግን ቀጠለች። ልጅ ሳለች አባቷ መምህር ነበሩ፤ ወደ ተልተሌ ሲዛወሩ እንዲህ የጭነት መኪና ላይ፣ ከአልጋና ከምጣድ ጋር ተጭና እንደሄደች ነገረችኝ። የቤተሰቡ ዕቃ ምን እንደነበር አሁን አታስታውስም፤ ነፋሱን ግን ታስታውሳለች። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን ይህን አልነገረችኝም ነበር። ሶፋው ላይ የሚነገር ነገር አልነበረማ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ስትመታ ባለቤቴ ተነስታ የቁም ሣጥኑን የጎን በር ከፈተችና ገብታ ተቀመጠች። ጥላ ነው፣ ግባ አለችኝ፤ ለሁለታችን ግን አይበቃም። በሩን አየር እንዲያስገባ ገርበብ አድርጋ ቆሎዋን መቆርጠም ጀመረች። እንዲህ እያለን ነው ኬላ የደረስነው። ፈታሹ መኪናው ላይ ወጣ፣ ጆንያውን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ሥራ ላይ ባለ ሰው ኩራት የቁም ሣጥኑን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ውስጡ አንዲት የተከበሩ ሴት እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ደህና ዋልክ፣ ልጄ» አለችው። እፍኝ ቆሎም ዘረጋችለት።

ሰውየው ሳያንኳኳ የሰው መኝታ ቤት እንደገባ ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ወርዶ ለነጋዴው በሹክሹክታ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ነጋዴው ግን እስከ ያቤሎ ድረስ በየመካከሉ መሪውን እየደበደበ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር። ወደ ቁም ሣጥኑ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ፉጨት አልነበረም። ትከሻዋ ግን በሩን ሲነካው፣ ኳ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ።

ያቤሎ አድረን በማግስቱ ዱብሉቅ ስንቃረብ መንገዱን ከብት ዘጋው። ወደ ኤላው፣ ወደ ጉድጓድ ውሃው፣ የሚወርድ የጠማው ከብት ስለሆነ ቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነው፤ ነጋዴው ሞተሩን አጠፋ። ያኔ ከመሬት ውስጥ ዘፈን ተሰማ። ኤላው ጥልቅ ነው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ፤ እጃቸው እንዳይስት በዘፈን ይቀባበላሉ። ባለቤቴ ወርዳ ጠርዙ ላይ ቆመች። ከላይ ያለው ባልዲውን ገንዳው ላይ ሲደፋ ውሃው ፈንጠር ብሎ ፊቷን አራሰው፤ ከሸክላነት ወደ ሴትነት በግማሽ ተመለሰች። ፊቷን አልጠረገችም። እንሂድ ስላት ትንሽ ቆይ አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ድሮ ከጎረቤት ቤት አልወጣ ስትል የምታናድደኝ ቃል ነበረች።

መንደሩ ስንደርስ አቀባበሉ ይህ ነው አይባልም። ቁም ሣጥኑ ወርዶ በወጣቶች ትከሻ፣ በእልልታ፣ ሴቶቹ ለሙሽሮቹ ወደሠሩት አዲስ ጎጆ ተወሰደ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። የበሩ ቁመት እስከ ደረቴ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አክብሮ ነው የሚገባበት። እልልታው ቀስ እያለ አለቀ። ወተት አምጪያችን ቁም ሣጥኑን አየች፣ በሩን አየች፣ ባለቤቴን አየች።

«እትዬ፣ እዚህም አጣላችሁት?» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በቦረና ዘንድ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀመጡ፤ እኛንም አስቀመጡን። ጉባኤው በምርቃት ተከፈተ፤ ወተት አምጪያችን በአማርኛ ትመልስልን ነበር። አንዱ ጎጆውን አፍርሰን ቁም ሣጥኑን መሀል አድርገን እንሥራው አለ። ሌላው እሺ፣ ስንሰደድስ የትኛው ግመል ይሸከመዋል ሲል ጠየቀ። ግመሏን ማን ያማክር የሚል ነገርም ተነሳ። በመጨረሻ ዋናው ሽማግሌ በዱላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይህ ነገር ሲጠሩት ይመጣል?»

«አይመጣም፣ አባቴ።»

«ይወልዳል?»

«አይወልድም።»

«ሣር ያለበት አገር ሲዘንብ ይሄዳል?»

ጎንበስ ብዬ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «አይሄድም» አልኩ፤ «ነገር ግን ውሃ አይጠጣም።»

ይህ ሲተረጎም ኤላው ውስጥ የነበሩት ወንዶች ትከሻቸውን ዳበሱ። እዚህ አገር ውሃ የማይጠጣ ንብረት ተራ ነገር አይደለም። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አስበው ልክ ነው፣ ለእንግዳው ይቆጠርለት አሉ። በብዙ መድረክ ላይ ተከራክሬያለሁ፤ እንደዚያች ነጥብ ያኮራኝ የለም። ተፈረደም፦ ቁም ሣጥኑ ዛሬ ለሠርጉ ድምቀት ሜዳው ላይ ይቁም፤ ከነገ ጀምሮ ደግሞ በጀርባው ተጋድሞ የግልገል ማደሪያ ይሁን።

ከሰዓት በኋላው የመስታወቱ ነበር። የመንደሩ ልጃገረዶች ስልክ አላቸው፣ ፊታቸውን ያውቁታል፤ የጎደላቸው ሙሉ ቁመት ነበር። ተሰልፈው ከፊት ከኋላ ታዩ፣ ፎቶ ተነሱ። ሙሽራዋ ጨሌዋን አስተካከለች። ባለቤቴን መሀላቸው አስገብተው ጨሌ አጠለቁላት፤ ተኳኩላ የማታውቅ ሴት ወገቧን ይዛ በጎን ራሷን አየች። እኔ ራቅ ብዬ ተቀምጬ፣ ነጋዴው በጆሮዬ ዕቃ እንዴት ሰውን እንደሚያስደስት ሲሰብከኝ፣ አየህ ብዬ ነርሱን በልቤ እየወቀስኩ ነበር።

ከዚያ ከብቱ ገባ።

ከፊት የሚመራው ኮርማ ነው፤ ሻኛው የቆመ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ መንደሩ የሚኮራበት። ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊት ለፊቱ፣ እሱ ካደገበት በረት አጠገብ፣ አንድ የማያውቀው ኮርማ ቆሞ ያየዋል። አፈሩን በሰኮናው ጫረ፤ ያኛውም ጫረ። አጓራ። ያኛው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አላሰማም። እንዲህ ያለ ንቀት ማን ይችላል? እኔ አጠገቤ ላሉት እንስሳ የራሱን መልክ ለይቶ እንደማያውቅ፣ ጥቂት ቆይቶም እንደሚሰለቸው ከመጽሐፍ ያነበብኩትን በማስረዳት ላይ ነበርኩ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም።

ሄደበት። መስታወቱ እንደ ኤላ ውሃ ተረጨ። ኮርማው በመሀለኛው በር ገብቶ፣ የጀርባውን ስስ ጣውላ በጥሶ፣ በወዲያኛው በኩል ወጣ፤ የበሩን ክፈፍ እንደ ሙሽራ ጨሌ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ሁለት የልብስ መስቀያ ቀንዱ ላይ እያንጠለጠለ። ጥቂት ርቀት ሮጦ ቆመ፤ ዞር ብሎም ጠላቱን ፈለገ። የለም። ጠፍቷል። ደረቱን ነፋ፤ መስቀያዎቹ ቅጭል አሉ።

የእንግዳ ስጦታ በአስተናጋጁ ከብት ተሰብሯል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ወተት አምጪያችን አፏን በመዳፏ ያዘች። ሽማግሌው ለሌላ ጉባኤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። የሁሉም ዓይን ባለቤቴ ላይ ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ወደ እሷ ሮጥኩ። ወራቱን ሁሉ የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ሰው ፊት፣ ሰው አገር ሆና፣ የቀረቻት ትንሽ ነገር ስትሰበር። ደረስኩና እጇን ያዝኩ።

ማንቆርቆሪያው አፏጨ።

ከዚያ ዘጭ አለች፤ ከብቱ አሁን ባለፈበት፣ ትኩስ እበት ላይ። እንባዋ እየወረደ፣ ከነጨሌዋ፣ በጣቷ ኮርማውን እያሳየች። «እኛ ማስገባት አቃተን» አለች ትንፋሽ ስታገኝ፤ «እሱ… እሱ ራሱ ገባበት!» ወተት አምጪያችን ተርጉማ ሳትጨርስ ሳቋ ቀደማት፤ ከዚያ ሙሽራዋ፣ ከዚያ ልጃገረዶቹ፣ ከዚያ መንደሩ። ነጋዴው አይሱዙውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር። ሽማግሌው እንደገና ተቀመጡ፤ ዱላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሻኛ ቢኖራቸው እንደሚንቀጠቀጥ ሆነው ሳቁ። እኔስ? እኔ እበቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሶፋው ይሻላል።

ስብርባሪው የጥጃ እግር እንዳይወጋ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ለቀመ፤ ሴቶቹም ሲመርጡ ሲመራረጡ ደህና ደህናውን እንደ ሥጋ ተካፈሉት። የተረፈው ሳንቃ ለግልገሎቹ ሆነ። ሽማግሌው ግን እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም አሉ፤ ለባለቤቴም ከመንጋው አንዲት ግንባረ ነጭ ጊደር ተሰጠቻት። ጊደሯ ነገሌ አትመጣም፤ ከመንጋው ጋር ትኖራለች፤ እሷ ግን የባለቤቴ ናት፤ መጥታ ታያታለች። ይህ በእነሱ ዘንድ ተራ ነገር ነው። እኔ ቡፌ ውስጥ የማይቆለፍ ንብረት ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወር ሳይሞላ ባለቤቴ ጊደሬን ልይ አለች። ዱብሉቅ ስንደርስ መንጋው ወደ ሌላ ሣር ሄዷል። በሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ንብረታችንን ፍለጋ ቆላውን አዳረስነው፤ በሚኒባስ፣ በነጋዴው አይሱዙ፣ በእግር። በየመንደሩ ግንባረ ነጭ ላም አይታችኋል ወይ እያልን እንጠይቃለን፤ ሁሉም አይተዋል፤ ሁሉም የሚያሳዩት አቅጣጫ ግን የተለያየ ነው። መድኃኒቱን አላቋረጠችም፤ ይህን የምለው ሰው ከእኔ ተምሮ ኪኒኑን ጥሎ ላም ፍለጋ እንዳይሄድ ነው። ማስተማር ጀመረች። ሶፋውን ለጎረቤት ሰጠች፤ ጎረቤቱ እስካሁን ከውስጡ አልወጣም።

ነርሱን ሳገኘው ያዳናት ንብረት ነው ብዬ ተከራከርኩት። ንብረት ሰውን ያስራል ያልከው ስህተት ነው፤ ንብረት የሚያስረው እግር ከሌለው ብቻ ነው አልኩት። ወጣቱ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና ሰማኝ፤ እትዬ ዛሬ የት ናቸው ሲል ጠየቀኝ። ሄዳለች አልኩት። ከዚያ በላይ አልተከራከረኝም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ዝናብ ደጋግሞ ቀረ፤ ቦረና ከብቱን በዓይኑ እያየ ያጣበት ዘመን ነው። ነጋዴው ከሱቅ ዕቃ ይልቅ የሣር እስር መጫን ጀመረ። አንድ ቀን ወተት አምጪያችን ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር፤ ያኔ ገባኝ። ግንባረ ነጯ ሞታለች፤ ኮርማውም ቀድሟታል። ባለቤቴ ስልኩን ዘጋችና መስኮቷ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። አንድ ቀን፣ ከዚያ ሌላ ቀን። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያልተውኩትን ማሰብ ጀመርኩ፤ ምን ልግዛላት? ሶፋው ወጥቶ ሰፊ ቦታ አለ፤ ዓይኔ የሳሎኑን ግድግዳ መለካት ጀመረ።

ሜትሩን ከመሳቢያ ሳወጣ ደረሰችብኝ። ጫማዋን አድርጋለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠብቃ አስራዋለች። ያቺ ከሠርጉ ያመጣቻት፣ በር ላይ ያንጠለጠልናት የመስታወት ስባሪ ፊት ቆማ ጸጉሯን ሸፈነች።

«ግንባረ ነጯ ጥጃ ትታለች አሉ» አለችኝ። «ተልተሌ በኩል ወስደዋታል። ነጋዴው ሣር ጭኖ ሊወጣ ነው።»

ሜትሩን በእጄ አየችው። ትከሻዋ በትንሹ፣ በትንሹ ተነቃነቀ።

«አስቀምጠውና ተነስ» አለች። «ዛሬ ከላይ ነን።»